ሁለት ባዶ ካሬዎች

ከአገር ለሚወጣ ለእያንዳንዱ እንስሳ አንድ መስመር አሰምራለሁ። ባለ ካሬ ወረቀት በጎኑ አስተኝቼ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንድ ቀን አንድ ካሬ። መለያ ቺፕ ቆዳው ሥር የገባበትን፣ የተከተበበትን፣ ደም የተወሰደበትንና የሚበርበትን ቀን በየቦታው እጽፋለሁ። ክትባቱ የሚሸፍናቸውን ቀኖች በሰማያዊ እርሳስ እቀባለሁ። ይህን እንዳደርግ የሚያስገድደኝ ደንብ የለም። ሃያ ስድስት ዓመት የሃውኪላምፒ መንደር የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ስሠራ፣ ዓይን ቁጥርን ዘሎ እንደሚያልፍ፣ ቀለምን ግን ዘሎ እንደማያልፍ ስላየሁ ነው።

የሩስካን መስመር ያሰመርኩት ኦገስት 18፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ባለቤቷ ጋሼ ኦይቫ ሞይላነን ከጠረጴዛው ማዶ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ እንጨት ሲቆርጡና ሲያድኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ሩስካ ወንበራቸው ሥር ተኝታለች። ቀይ፣ ጆሮዋ የቆመ፣ ጅራቷ ወገቧ ላይ የተጠቀለለ የአደን ውሻ ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ከመርፌ ጋር ስለምታያይዘኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

ጉዳዩን እኔም፣ መንደሩም፣ የአውቶቡሱ ሹፌርም ያውቃል። የጋሼ ኦይቫ አንድያ ልጅ ሳይላ ኒውዚላንድ ከሄደች አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ጁላይ ላይ ደውላ መታመሟን ነገረቻቸው። ሐኪሞቿ ስለ ገና ሲጠየቁ ወሬ ይቀይራሉ። ጋሼ ኦይቫ በሦስት ሳምንት ውስጥ ቤታቸውን ከዋና ከተማው ለመጡ ሰዎች ሸጡና ለሴፕቴምበር 10 የአውሮፕላን ቦታ ያዙ፤ ለራሳቸው አንድ፣ ለሩስካ አንድ ሣጥን። ሩስካን ቡችላ ሆና መርጣ ያመጣችላቸው ሳይላ ናት፤ እናቷ የሞተች ዓመት ለእረፍት መጥታ።

ሰማያዊው ቀለም ከግራ መጥቶ ጁን 19 ላይ ቆመ። እንደገና የጀመረው ጁን 22 ላይ ነው። በመካከል ሁለት ካሬ ነጭ ቀረ።

ማስመሪያውን አስቀምጬ የሩስካን ፓስፖርት፣ ክትባቷ የሚጻፍበትን ደብተር፣ እንደገና አነበብኩ። የቀድሞው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚጸናው እስከ ጁን 19 ነው። አዲሱ የተሰጠው ጁን 22 ነው። ከአዲሱ አጠገብ ያለው ፊርማ የኔ፣ ማኅተሙም የኔ ነው።

«ምን አገኘሽበት?» አሉ ጋሼ ኦይቫ። «ፎቶዋ አላማረም?»

«ጋሼ ኦይቫ፣ ሩስካን ያመጧት ሰኞ ነው። ከዩሃኑስ በዓል በኋላ።» በዩሃኑስ፣ በበጋው እኩሌታ በዓል፣ ከዋዜማው አርብ ጀምሮ አገሩ ሁሉ ይዘጋል።

«አዎ። ግቢሽ በውሻ ተሞልቶ ነበር። አንዱ መንጠቆ ውጦ ይጮህ ነበር።»

«የድሮው ክትባት ያለቀው ግን አርብ ነው።»

«አውቃለሁ። የወጥ ቤቱ ካሌንደር ላይ አክብቤበታለሁ።»

«ታዲያ አርብ ለምን አልመጡም?»

ኮፍያቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩት።

«መጥቼ ነበር» አሉ።

«የት?»

«እዚህ። አሥር ሰዓት አካባቢ። መኪናውን መታጠፊያው ጋ አቆምኩ። በርሽ ግራና ቀኝ ለበዓሉ የበርች ዛፍ ቅርንጫፍ አቁመሻል። ከሳውናሽ ጭስ ይወጣል። በዩሃኑስ ዋዜማ ሳውና ልትገባ ያለችን ሰው፣ ለውሻ መርፌ ብዬ ላስወጣ? ዞሬ ተመለስኩ።»

«ተረኛ ነበርኩ እኮ! ሰው ቢመጣ ልነሣ ነው የተቀመጥኩት።»

«ተረኛማ መውለድ ላቃታት ላም ነው። የኔዋ ምን ሆነች? መኪናው ውስጥ ጅራቷን ትቆላ ነበር።»

ሌላ ቦታ ቢሆን ይህን የሚያምን ሰው አላገኝም። በኛ አካባቢ ግን ሰው ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ ጎረቤቱን ከመጥራቱ በፊት ምሳ ላይ እንዳይሆን ይጨነቃል። እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን ዞሬ ነበር። ያን ቀን የሳውናው ደረጃ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ፣ ስልኩን አጠገቤ አድርጌ፣ እስከ ምሽት ሐይቁን ሳይ ነበር። ስልኩ አንዴም አልጮኸም።

ሰኞ ደግሞ ጥፋቱ የኔ ነው። ከበዓሉ ማግስት ሠላሳ አንድ እንስሳ አየሁ። ሩስካን ስከትብ ከላይኛው መስመር ላይ ያለውን ቀን አላነበብኩም። ባነበውም የሚለወጥ ነገር አልነበረም፤ ግን አላነበብኩም።

ነገሩን እንዳለ ነገርኳቸው። ክትባቱ ሳይቋረጥ የታደሰለት ውሻ ሳይጠብቅ ኒውዚላንድ መግባት ይችላል። አንድ ቀን እንኳ ከተቋረጠ፣ አዲሱ መርፌ እንደ መጀመሪያ ይቆጠራል፤ ከመጀመሪያ መርፌ በኋላ ስድስት ወር መጠበቅ ግዴታ ነው። ከጁን 22 ስድስት ወር ዲሴምበር 22 ነው።

«ሁለት ቀን» አሉ።

«ሁለት ቀን።»

«ቅዳሜና እሑድ። ያን ቅዳሜና እሑድ እኮ ከግቢ አልወጣችም። ዓሣ ሳጠምድ ከጎኔ ተኝታ ነበር።» ወደ ወንበሩ ሥር አዩ። «ምን ልትነክስ ትችላለች?»

«ልጠይቅ። የሚጠየቀውን ሁሉ እጠይቃለሁ።»

«አትቸገሪ» አሉና ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞረው፣ «ግን ከጠየቅሽ ጥሩ ነው» አሉ።

ሰባት ቀን ጠየቅሁ። የጠየቅኋቸውን ሰዎች፣ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግቤ ይዣለሁ፤ ሁሉንም እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። እንስሳት የሚያጓጉዘው ድርጅት ውስጥ ያለችው ሴት በመጀመሪያ ስልክ ላይ ተነፈሰች፤ ከዚያ «ዩሃኑስ ነው አይደል?» አለች። በየዓመቱ አንድ ወይም ሁለት እንደሚገጥማት ነገረችኝ። ለኒውዚላንድ የእንስሳት ጤና ሰዎች ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። ከደብዳቤው ጋር የደም ምርመራውን ውጤት አያያዝኩ። ጁላይ ላይ ከሩስካ የወሰድኩት ደም ውስጥ የተገኘው የመከላከያ መጠን ከሚፈለገው አሥራ ሁለት እጥፍ ነበር። ይህች ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርባት አይችልም። በኛ አገርም በሽታው የለም። ሁለቱንም በቁጥር አስቀመጥኩ።

መልሱ ደብዳቤው በተላከ በስድስተኛው ቀን መጣ። ጨዋ ደብዳቤ ነው። የጻፈው ሰው ደብዳቤዬን በደንብ አንብቦታል፤ የደም ውጤቱን በትክክል ጠቅሷል፤ ስለ አባትየውና ስለ ልጅቷ ማዘኑን ጽፏል። ክትባቱ የተቋረጠ በመሆኑ ግን ውሻዋ ስድስት ወሩን መጨረስ አለባት። ከዚያ በኋላ በሚገቡ እንስሳት ማቆያ ውስጥ ባዶ ቦታ የሚገኘው ማርች ላይ ነው። እሱ ቦታ ላይ ብሆን እኔም ያንኑ እጽፍ ነበር። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ያነበብኩት ስህተት ፈልጌበት ነው። የለበትም።

ረዳቴ ሚርቫ ከትከሻዬ በላይ ሆና ስታነብ ቆየች። ሚርቫ ከኔ በዘጠኝ ዓመት ትበልጣለች፤ ቢሮው ውስጥ ከኔ በፊት ሦስት ሐኪም አሳልፋለች።

«ሁለት ቀን እኮ ናት» አለች። «እኔ በሁለት ቀን እንቁላል እንኳ ተበላሸ ብዬ አልጥልም።»

«አነበብሽው አይደል።»

«አነበብኩት። እሱ እዚያ ሆኖ ምን ያውቃል? ወረቀቱ ላይ አርብ ተከተበች ቢባል አርብ ተከተበች ነው። አርብ ዕለት ሰውዬው በርሽ ድረስ መጥቷል፤ አንቺ ውስጥ ነበርሽ፤ ውሻዋ መኪና ውስጥ ነበረች። ምኑ ነው ውሸቱ? መርፌው ብቻ!»

«ሚርቫ።»

«ሚርቫ አትበዪኝ። ስንት ዓመትሽ ነው እዚህ? አንዲት ቀን አዛንፈሽ አታውቂም። አይቼሻለሁ፤ ባዶ ማሸጊያ ከመጣልሽ በፊት እንኳ ቁጥሩን ትጽፊያለሽ። ያን ሁሉ እውነት ያጠራቀምሽው ለመቼ ልትበዪው ነው?»

ካፖርቷን ለብሳ ወጣች። በሩን በኃይል አልዘጋችውም፤ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ይህ ደግሞ ባሰ።

የክትባት መዝገቡን አወጣሁ። ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ብልቃጥ ሲገባና ሲወጣ ይጻፋል። አርብ ጁን 19 ጠዋት፦ ሦስት ብልቃጥ። ሰኞ ጁን 22 ጠዋት፦ ሦስት ብልቃጥ። የምርት ቁጥራቸው አንድ ነው። ለሩስካ የተሰጠው ከሦስቱ አንዱ ነው። ስለዚህ ሰኞ የሚለውን አርብ ብዬ ብጽፍ፣ በዓለም ላይ ካለ ወረቀት የሚቃረኑኝ መዝገቤ፣ ለደም ምርመራው የሞላሁት ቅጽና የላክሁት ደብዳቤ ብቻ ናቸው። መዝገቡ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ቅጹንና ደብዳቤውን ደግሞ «ቀኑን ተሳስቼ ነበር» ብዬ በአንድ መስመር ማረም እችላለሁ። ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ማንም አይጠረጥረኝም።

ያረጀ ወይም የተበላሸ ፓስፖርት መተካት ሥልጣኔ ነው። ከካዝናው አንድ አዲስ አወጣሁ። የባለቤቱን ስም ጻፍኩ። የውሻዋን ስም፣ ዘር፣ ቀለም ጻፍኩ። የቺፑን አሥራ አምስት አኃዝ ጻፍኩና ከአሮጌው ጋር ሁለት ጊዜ አመሳከርኩ። የክትባቱን ገጽ ገለጥኩ። የብልቃጡን ተለጣፊ ቁጥር ገለበጥኩ። የቀኑ ቦታ ላይ ስደርስ እስክሪብቶውን ይዤ ተቀመጥኩ።

በዓለም ማዶ ያለው ሰው ሩስካን አያያትም። የሚያየው የኔን ማኅተም ነው። ደብዳቤዬን በጨዋነት የመለሰልኝም፣ ቁጥሮቼን አንድ በአንድ ያመነኝም፣ ማኅተሜ እስከ ዛሬ ስላልዋሸው ነው። ይህን ማሰብ ብቻ ሳይሆን በአፌም አልኩት፤ ባዶ ክፍል ውስጥ። ሲነገር ከሳይላ ሞይላነን ሕመም ጋር የሚመዘን ነገር አልመሰለኝም። ቢሆንም ቀኑን አልጻፍኩትም።

ባዶ ፓስፖርቶች ቁጥር አላቸው፤ የጠፋ ወይም የተበላሸ ሪፖርት ይደረጋል። የጀመርኩትን በሰያፍ ሠርዤ፣ «በጽሕፈት ስህተት የተበላሸ» ብዬ ላክሁት። በዚያ ዓመት የላክሁት የመጀመሪያው ነው።

በማግስቱ ጋሼ ኦይቫ መጡ። ደብዳቤውን ቃል በቃል አነበብኩላቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ሚርቫ በፌስታል ጠቅልላ የሰጠቻቸውን የሄል ዳቦ እያዩ፣ «በደንብ የተጻፈ ነው» አሉ።

«ጋሼ ኦይቫ፣ እኔ ጋ ትቆይ» አልኩ። ይህን ስል አስቤበት ነበር፤ ሁለት ሌሊት። «እስከ ማርች። በማርች እኔ ራሴ አውሮፕላን ማረፊያ አደርሳታለሁ።»

«አንቺ ጋ?» ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «አንቺን ስታይ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። ስድስት ወር ሙሉ ጠረጴዛ ሥር ልትኖር?»

«ትለምደኛለች።»

«አንቺ ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። የዛሬ ሁለት ክረምት ዳሌያቸው ተሰብሮ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኙ። ሩስካን ጎረቤት ወሰዳት። የመጀመሪያውን ቀን በሩ ጋ ቆመች። በሁለተኛው ውኃ ጠጣች። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ውኃም አልጠጣችም። በስድስተኛው ቀን ሄጄ ፈሳሽ በደም ሥሯ ሰጠኋት፤ መዝግቤዋለሁ፤ ከክብደቷ አንድ ስምንተኛው ጠፍቶ ነበር። ያን ጊዜ አሥር ዓመቷ ነበር፤ ጆሮዋም ይሰማ ነበር።

«እርስዎ እስከ ማርች ቢዘገዩስ» ብዬ ጀመርኩና አቆምኩ።

«ሳይላ አንድ ናት» አሉ።

«ነገሯት?»

«ትናንት። ‹አባዬ፣ ያለ ሩስካ ከመጣህ በሩን አልከፍትልህም› አለችኝ። ቀልዷን ነው።» ፌስታሉን አጠፉት፤ እንደገና ዘረጉት። «ከዚያ ብዙ ሳለች። ቀልድ ያስላታል አሁን።»

ሚርቫ በሚቀጥለው ክፍል የሆነ መሳቢያ ከፍታ ረሳችው፤ የመዝጋት ድምፅ አልሰማሁም።

«ረቡዕ ጊዜ አለሽ?» አሉ ጋሼ ኦይቫ። «ሴፕቴምበር ዘጠኝ፣ ረቡዕ። አውቶቡሱ ሐሙስ ጠዋት ነው።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። ጤነኛ እንስሳ አልገድልም የማለት መብት አለኝ። ሁለት ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ፤ አንዴ ምንጣፋቸው ለተበላሸባቸው ሰዎች፣ አንዴ ለፍቺ። አሁንም እምቢ ለማለት አፌን ከፈትኩ። የማውቀውን አሰብኩ፦ አራተኛው ቀን፣ ስድስተኛው ቀን፣ አንድ ስምንተኛው። ያኔ በዘጠነኛው ቀን ጋሼ ኦይቫ በምርኩዝ ቤት ገብተው ነበር። አሁን አይገቡም።

«ራሴ አደርገው ነበር» አሉ። «አባቴም ራሱ ነበር የሚያደርገው። ግን ይሄውልሽ።» ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ይንቀጠቀጣል። «በዚህ እጅ ጠመንጃ ይዤ አልሞክርም። ባይሆን አንቺን ባላስቸገርኩ።»

«አለኝ» አልኩ። «ረቡዕ ጊዜ አለኝ። ቤት ድረስ እመጣለሁ።»

ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ የበርች ዛፎቹ ቢጫ መሆን ጀምረዋል። ቤቱ ባዶ ነው። መጋረጃ የለም፤ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ካሌንደሩ ብቻ ቀርቷል። ለገዢዎቹ ትተውት ይሁን ረስተውት አልጠየቅሁም። ጁን ላይ እንደተገለጠ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ተከብባለች።

ጋሼ ኦይቫ ግቢ ውስጥ ከሳውናው ጀርባ ነበሩ። ጉድጓዱን ቆፍረው ጨርሰዋል፤ ጠርዙ የተስተካከለ፣ አፈሩ በአንድ ወገን የተከመረ። ከጎኑ ሦስት ያረጁ ድንጋዮች አሉ። ከሩስካ በፊት የነበሩት ውሾች ናቸው።

«ለገዢዎቹ ነግሬያቸዋለሁ» አሉ። «አራት እንደሚሆኑ። እሺ ብለዋል። ደግ ሰዎች ናቸው፤ አበባ እንትከል ወይ አሉኝ። ውሻ አበባ ምን ያደርግለታል?»

ቡና በፔርሙስ አዘጋጅተዋል፤ ኩባያዎቹ ታሽገው ስለሄዱ በክዳኑ ተራ በተራ ጠጣን። ስለ አየሩ አወራን። አውቶቡሱ መቼ እንደሚያልፍ ነገሩኝ፤ እኔም አውቀው ነበር።

ሩስካ አጠገባችን አልነበረችም። ከጫካው ጠርዝ ስትጮህ ሰማናት። የዚህ ዘር ውሻ ወፍ ዛፍ ላይ ሲያገኝ ሥሩ ቆሞ ይጮሃል፤ ሳያቋርጥ፣ በአንድ ምት፣ አዳኙ እስኪመጣ። እኔ ሰዓቴን አየሁ፤ ልማድ ነው። በደቂቃ ዘጠና ስድስት ጊዜ ትጮህ ነበር። ለአሥራ ሁለት ዓመት ውሻ ብዙ ነው።

«ልጥራት?» አልኩ።

«አትሰማም። ብትሰማም አትመጣም። ሰው ካልሄደላት አታቆምም።»

የፔርሙሱን ክዳን አስቀምጠው፣ ዳሌያቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ ቀስ እያሉ በሣሩ ላይ ሄዱ። መንገዱ ከመቶ ሜትር አይበልጥም፤ ሁለት ጊዜ ቆመው አረፉ። ጥዱ ሥር ደረሱ። ከጎኗ ቆሙና ቀና ብለው እሷ የምታየውን አዩ። ጠመንጃ የላቸውም። እንዲሁ ቆመው አዩ። ሩስካ እሳቸውን አየቻቸው፤ ወደ ላይ አየች፤ ዝም አለች። ወፉ በረረ። ሁለቱ አብረው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ያለው ደንቡን የተከተለ ነው። መጀመሪያ የሚያስተኛውን መርፌ ከቆዳዋ ሥር ሰጠኋት። እኔን ስታይ ልትሸሽ ሞከረች፤ ጋሼ ኦይቫ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ጭኖቻቸው መካከል አደረጓት፤ ዝም አለች። በስምንተኛው ደቂቃ ጭንቅላቷ ከበደ። የፊት እግሯን ላጨሁ፤ ደም ሥሯን በመጀመሪያ ሙከራ አገኘሁ። ሁለተኛውን መርፌ ሰጠሁ። ልቧን በማዳመጫ አዳመጥኩ፤ ከቆመ በኋላ እንደ ልማዴ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ጨመርኩ። ልቧ እስከ መጨረሻው ጤነኛ ነበር። ይህን አልነገርኳቸውም።

«አለቀ?» አሉ።

«አለቀ።»

ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፈው ለቀቁት። ተመልሶ ቆመ። እንደገና አጠፉት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«ይጠይቁኝ።»

«ያን አርብ። መታጠፊያው ጋ ሞተሩን ሳላጠፋ ሩብ ሰዓት ያህል ቆሜአለሁ። አንዴ በሩንም ከፍቼ አንድ እግሬን አውጥቻለሁ።» ጆሮውን ለቀቁት። «በየሌሊቱ እወርዳለሁ። ከመኪናው። ወርጄ አንኳኳለሁ፤ አንቺ ፎጣ ትከሻሽ ላይ ጥለሽ ትወጫለሽ፤ ‹ይግቡ፣ ለሁለት ደቂቃ ነገር› ትያለሽ። እንደዚያ ነበር የሚሆነው አይደል? ባንኳኳ ኖሮ።»

እያዩኝ አልነበረም። ጆሮዋን ነበር የሚያዩት። ነገ በዚህ ሰዓት በአውቶቡስና በባቡር አልፈው፣ አውሮፕላን ላይ ይሆናሉ። ከዚያ ሠላሳ ሰዓት ያህል መቀመጥ አለ፤ ከዚያም ሳይላ አለች፤ ከዚያም ከሳይላ በኋላ ያለው ጊዜ።

«አይደለም» አልኩ።

ቀና አሉ።

«ባዶ ነበር» አልኩ። «ማቀዝቀዣው። ክትባት አልቆብኝ ነበር። አዲሱ የመጣው ሰኞ ጠዋት ነው። ቢያንኳኩም የምሰጥዎ ነገር አልነበረኝም።»

«አንድም?»

«አንድም።»

ዓይኔን ከዓይናቸው አላነሣሁም። ጋሼ ኦይቫ ረጅም ጊዜ አዩኝ፤ አዳኝ እንደሚያየው፣ ሳይቸኩሉ። ሃያ ስድስት ዓመት ያውቁኛል። የማኅተሜን ቁጥር እንኳ ያውቁታል።

«እንዲህ ነው እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ። በጉልበታቸው ተንበርክከው በቀኝ እጃቸው መሬቱን ተደግፈው ተነሡ። «እንኳን አላስቸገርኩሽ።»

ሩስካን አብረን አነሣናት። ጉድጓዱ ውስጥ በግራ ጎኗ አስተኟት፤ ሁልጊዜ በግራ ጎኗ ነው የምትተኛው አሉ። ከዚያ አካፋውን ልውሰድ ብዬ እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጡኝም።